ከፊቱ በፊት ጀርባው፦ ፓሪስ ውስጥ አሮጌ ፎቶ ፍለጋ

ከሁለት ዓመት በፊት በኢንተርኔት አንድ ፎቶ ገዛሁ። የ1930ዎቹ የሆሊውድ ተዋናይት ናት፣ ጥቁርና ነጭ፣ ከላይ የወረደው ብርሃን ጉንጯ ላይ አርፎ አንገቷ ጥላ ውስጥ የቀረ፣ ዓይን የሚይዝ ነገር። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ነበር። ከፖስታው ሳወጣው እንደ መጽሔት ሽፋን ያብለጨልጫል። ጀርባው ንፁህ ነጭ። ማጉያ መነፅር ሳስጠጋበት ፊቷ በሙሉ ነጠብጣብ ሆነብኝ። ፎቶ አልነበረም፤ በማተሚያ ማሽን የተባዛ ወረቀት ነው። ገንዘቡ ሳይሆን ያናደደኝ ለሳምንታት ስጓጓለት መክረሜ ነው። ያን ቀን በእጄ ይዤ ሳላገላብጥ አሮጌ ፎቶ አልገዛም አልኩ፤ ባለፈው ዓመት ደግሞ እረፍት ሳገኝ ሻንጣዬን ይዤ ፓሪስ ገባሁ።

ለምን ፓሪስ? የታዋቂ ሰው ፎቶ ገዝቶ ቤት የማስቀመጥ ነገር ሥሩ እዚያ ነው። ዲስዴሪ የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ በ1854 (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አንድ ፕሌት (ምስሉ የሚያርፍበት የመስታወት ሰሌዳ) ላይ ስምንት ትንንሽ ፎቶዎች የሚነሱበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ፎቶዎቹ ተቆርጠው ወፍራም ካርቶን ላይ ይለጠፋሉ፣ መጠናቸውም ሰው ቤት ሲሄዱ የሚተውትን የስም ካርድ ያክላል። ስምንቱ በአንድ ጊዜ ስለሚታተሙ ዋጋው ወረደ፣ ዋጋው ሲወርድ ደግሞ ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የንጉሡንም የተዋናይዋንም የዘፋኙንም ፎቶ እየገዛ ከቤተሰቡ ፎቶ ጋር አንድ አልበም ውስጥ መክተት ጀመረ። ይሄ በጣም ደስ ይለኛል። የማያውቁት ሰው ፊት ከአክስትና ከአጎት ጎን ተቀምጦ የቤት ሰው ሲሆን!

የደረስኩት አርብ ከሰዓት ነው። ሻንጣዬን ሆቴል ጥዬ በቀጥታ ወደ ቡልቫር ዴ ካፑሲን፣ ቁጥር 35። ታዋቂው ፎቶግራፍ አንሺ ናዳር ከ1860 ጀምሮ ስቱዲዮው እዚያ ነበር። ስሙን በትልልቁ የሕንፃው ፊት ላይ አስጽፎ ማታ በጋዝ መብራት ያበራው ነበር ይባላል። እሱ ከለቀቀ በኋላ በ1874 ኢምፕሬሽኒስት የተባሉት ሠዓሊዎች የመጀመሪያ ኤግዚቢሽናቸውን ያሳዩትም በዚሁ ቤት ነው። ዛሬ የሚታይ ብዙ ነገር የለም፤ መኪናና ሰው ይተላለፋል። እኔ ግን ትንሽ ቆምኩ። ናዳር ተዋናይዋን ሣራ በርናርድን ፎቶ ያነሳት ገና ሃያ ዓመት አካባቢ ሳለች፣ ዝናዋ ሳይመጣ ነው። ትከሻዋ ላይ ጨርቅ ጣል ከማድረግ በቀር ምንም ጌጥ አልጨመረባትም። ከዚያ በኋላ ስንት የታዋቂ ሰው ፎቶ አይቻለሁ፣ የዚያን ያህል ዝም ያለ አላየሁም።

ቅዳሜ በማለዳ በ13 ቁጥር ሜትሮ ወደ ፖርት ደ ቫንቭ ሄድኩ። የቫንቭ ገበያ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት መንገድ ዳር የሚዘረጋ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። ቀድሞ የደረሰ ነው የሚያገኘው። ፎቶ ብቻ የሚሸጥ አትጠብቁ፤ ከማንኪያና ከሻማ ማስቀመጫ መሀል የጫማ ካርቶን ትኖራለች፣ ካርቶኗ ውስጥ ነው ፎቶው። አብዛኛው የማንም ሰው የሠርግና የባሕር ዳርቻ ፎቶ ነው፤ የተዋናይ ፊት ድንገት ብቅ የሚለው ጣት እስኪጠቁር ካገላበጡ በኋላ ነው።

አራተኛው ወይ አምስተኛው ካርቶን ላይ ስደርስ የዳንሰኛና ዘፋኟን የጆሴፊን ቤከርን ፊት አየሁ። ፀጉሯ ጭንቅላቷ ላይ ልጥፍ ብሎ፣ ወደ ጎን እያየች። ደነገጥኩ፣ ወዲያው ደግሞ ቅር አለኝ፤ ፎቶው ላይ በቀይ የሰም እርሳስ መስመር ተሰምሮበታል፣ ትከሻዋ ዙሪያም ግራጫ ቀለም ተቀብቷል። መልሼ ላስቀምጠው ስል ባለ ካርቶኗ፣ ሽበታቸውን ወደ ኋላ ያሰሩ አሮጊት ሴት፣ በእንግሊዝኛና በምልክት «ገልብጪው እንጂ ልጄ» አሉኝ።

ገለበጥኩት።

ጀርባው እንደ ፓስፖርት ነበር። መሀሉ ላይ ሐምራዊ ክብ ማህተም አለ፣ ግማሹ የደበዘዘ። ከሱ በታች 1937 የሚል የቀን ማህተም፣ ትንሽ ተንሸራቶ የተመታ። ጥግ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር፣ ተሰርዞ ሌላ ቁጥር፣ እሱም ተሰርዞ ሌላ። ከታች በኩል በታይፕ የተጻፈ ቀጭን ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ ወረቀቱ ተቀድዶ የቀረው የሙጫው ቡናማ ቅርጽና ሦስት አራት ቃል ብቻ ነው። ያኔ ገባኝ። ይሄ የጋዜጣ ፎቶ ነው። ቀዩ መስመር አዘጋጁ «ከዚህ እስከዚህ ቁረጡት» ያለበት ነው። ግራጫው ቀለም ደግሞ ሥዕል የሚያርመው ሰው ትከሻዋ ከጀርባዋ ጨለማ ጋር እንዳይቀላቀል በብሩሽ የለየበት፤ የጋዜጣ ወረቀት ሸካራ ስለሆነ ካልለዩት ሁሉም አንድ ጥቁር ይሆናል። ጠጋ ብዬ ሳየው የብሩሹ ፀጉር የሄደበት መስመር ሳይቀር ይታያል።

በ1925 ከአሜሪካ ፓሪስ የመጣችው ጆሴፊን የፈረንሳይ ዜግነት ያገኘችው በዚያው በ1937 ነው። በ2021 ደግሞ ሀገሪቱ ታላላቆቿን በምታኖርበት በፓንቴዮን ስሟ ገብቷል። ያ ሁሉ ከመሆኑ በፊት አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ይህችን ወረቀት አስቀምጦ በቀይ አስምሮባት ነበር። ሴትዮዋ «ቀለም የተቀባ ስለሆነ ማንም አይወስደውም» ብለው ዋጋውን ራሳቸው ቀነሱልኝ፣ እኔም ሳልከራከር ገዛሁ። ንፁሁን ፎቶ የሚፈልግ ይፈልግ። ለኔ መስመሩ ነው ፎቶውን ፎቶ ያደረገው።

እሁድ ወደ ሴንት ዋን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ወጣሁ፣ 4 ቁጥር ሜትሮ ፖርት ደ ክሊኛንኩር ላይ ወርዶ በእግር ነው። እዚህ ገበያው ሰፈር ያክላል፣ ፎቶና አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡት ብዙዎቹ ዶፊን በሚባለው ጣሪያ ያለው ክፍል ውስጥ ናቸው። የቫንቭ ካርቶን እዚህ የለም፤ ፎቶዎቹ በላስቲክ ተሸፍነው፣ ስም ተጽፎባቸው፣ በስም ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። ሻጩ የሚሸጠውን ያውቃል፣ ስለዚህ ገዢውም ማወቅ አለበት።

እዚያ ብዙ ያየሁት የአርኩር ስቱዲዮ ፎቶ ነው። በ1934 የተቋቋመ፣ የፈረንሳይ ተዋናይ ሁሉ ያለፈበት ስቱዲዮ ነው፣ ፎቶው ጥግ ላይ ባለው ፊርማ ይታወቃል። ብርሃኑ የሲኒማ ብርሃን ነው። ፊቱ ከጨለማ ውስጥ ተቀርጾ የወጣ ይመስላል። አንድ ማወቅ ያለብን ነገር አለ፤ የፈረንሳይ መንግሥት በ1991 የስቱዲዮውን ነጋቲቮች (ፎቶ የሚታጠብባቸውን መነሻ ምስሎች) ገዝቷል፣ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ናቸው። ነጋቲቭ ካለ ደግሞ ፎቶው በማንኛውም ጊዜ እንደገና ሊታጠብ ይችላል። ስለዚህ በ1946 የተነሳ ፎቶ ማለትና በ1946 የታጠበ ፎቶ ማለት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ሰብሳቢዎች «ቪንቴጅ» የሚሉት ሁለተኛውን ነው፣ ነጋቲቩ በተነሳበት ሰሞን የታተመውን። የኔ የመጀመሪያ ስህተት ይሄን አለማወቄ ነበር።

እንዴት ይለያል? ከቤት ይዣት የመጣሁት ትንሽዬ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ከ1950ዎቹ ወዲህ የፎቶ ወረቀት ላይ ነጭነቱን የሚያጎላ ኬሚካል መጨመር ተለምዷል፣ ያ ኬሚካል በዚህ ብርሃን ሥር ሰማያዊ ሆኖ ይበራል። የድሮው ወረቀት ግን አይበራም። የማይበራ ሁሉ አሮጌ ነው ማለት አይደለም፣ «የ1930ዎቹ ነው» ተብሎ የሚበራ ግን ውሸት ነው። አንዱ ነጋዴ ባትሪዋን ሳወጣ ፊቱ ተለዋወጠ፣ «እሱ አያስፈልግም» ብሎ ፎቶውን ከእጄ ወሰደ። አልተከራከርኩም፤ መልሱን አግኝቻለሁ። ከጎኑ ያለው ነጋዴ ግን ራሱ ጥላ ሠራልኝ፣ መጋረጃውን ጎትቶ።

ሌላው በዓይን የሚታይ ነው። የድሮ ፎቶ ጥቁር ቦታዎቹ ላይ፣ በተለይ ጠርዙ አካባቢ፣ ዘወር ሲያደርጉት ብርማ ሰማያዊ ነገር ያንፀባርቃል። ምስሉን የሠራው ብር በዘመን ብዛት ወደ ላይ ወጥቶ ነው። ብዙ ሰው እንደ ጉዳት ያየዋል። እኔ ግን አሁን አሁን እሱን ሳይ ልቤ ይረጋል። በፕላስቲክ የተለበጠው የፎቶ ወረቀትም ከ1970ዎቹ በፊት አልተለመደም፣ ጣት ያውቀዋል፤ የድሮው ደረቅና ወፈር ያለ ነው፣ ጠርዙ ትንሽ ይታጠፋል።

ሴንት ዋን ላይ ጥላ የሠራልኝ ሰውዬ ዘንድ አንድ የአርኩር ፎቶ ወሰድኩ። ወጣት ተዋናይ ነው፣ ስሙ ጀርባው ላይ አለ፣ ዛሬ የሚያስታውሰው ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከጎኑ ዓለም የሚያውቀው ፊት ነበር፣ ብዙ ሰዓት ሁለቱን እያፈራረቅኩ አየሁ። የታወቀው ቆንጆ ነበር፣ ግን በየፖስተሩ አይቼው አይቼው ዓይኔ አያርፍበትም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰው ጠዋት ጠዋት የሚያዩት ሰው ነውና የማላውቀውን መረጥኩ።

መመለሱ ቀላል ነበር። ሁለቱን ፎቶ በየላስቲካቸው፣ በሁለት ደረቅ ካርቶን መሀል፣ በእጅ ሻንጣዬ። የኤርፖርቱ ኤክስሬይ ያልታጠበ ፊልም እንጂ የታተመ ፎቶ አይነካም፣ ስለዚህ አልተጨነቅኩም።

ቤት ስደርስ ሳሎን፣ መስኮቱ ፊት ለፊት ልሰቅላቸው ነበር ያሰብኩት። ተውኩት። ፀሐይ ወረቀቱን ቢጫ ታደርገዋለች፣ ቀለም የተቀባውን ደግሞ ታደበዝዛለች። መስኮት የሌለው ኮሪደር ላይ ሆኑ። ክፈፍ ሠሪውን አሲድ የሌለው ካርቶን እንዲጠቀም፣ መስታወቱ ፎቶውን እንዳይነካም መሀል ላይ የተቆረጠ ካርቶን እንዲያደርግበት አስቸገርኩት፤ እርጥበት ሲመጣ ፎቶው መስታወቱ ላይ ይጣበቃል፣ ከተጣበቀ ደግሞ ሳይቀደድ አይላቀቅም። ሙጫ የሚባል ነገር የለም፣ አራቱን ማዕዘን የወረቀት ኪስ ይዞታል።

ለጆሴፊን ግን ክፈፏን ከኋላም መስታወት አስደረግኩላት። እንግዳ ሲመጣ ከግድግዳው አውርጄ እገለብጣታለሁ፣ ሐምራዊውን ማህተም፣ የተሰረዙትን ቁጥሮችና የተቀደደችውን ወረቀት አሳያለሁ። ባለፈው የወንድሜ ልጅ ሦስቱን ቁጥሮች በጣቷ እየነካች «ማን ነው የሰረዘው?» አለችኝ፣ አብረን ተቀምጠን የእርሳሱን ጽሑፍ በማጉያው ስናይ ሦስቱም በተለያየ እጅ የተጻፉ መሆናቸውን ያን ቀን አየሁ።