ተቀያሪ ሴንተርን በምን እንመዝነው?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ በቅርጫት ኳስ ተቀያሪ ሴንተር (ቀለበቱ አጠገብ የሚጫወተው ተጫዋች) ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው ቁመት ነው። ቁመት ይጠቅማል። ግን የተቀያሪው ሥራ ዋናው ሴንተር እስኪያርፍ ድረስ መከላከሉ እንዳይፈርስ ማድረግ ነው፤ ስለዚህ ካስቆጠረው ነጥብ በፊት እግሩን እዩ።

ኳስ ወደ ቀለበቱ ስትወረወር ዝም ብሎ ሽቅብ የሚያንጋጥጥ ሴንተር ሪባውንድ (ሳትገባ የተመለሰችውን ኳስ) ይነጠቃል። ጎበዙ መጀመሪያ ተጋጣሚውን በክንዱ ነክቶ ያለበትን ያውቃል፣ ዞሮ በጀርባው ይዘጋዋል፣ ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ይላል፤ የሚዘለው ከዚያ በኋላ ነው። አጭሩ ሴንተር ረጅሙን የሚያሸንፈው እዚህ ላይ ነው። የያዛትን ኳስ ወደ ወገቡ ካወረዳት ጋርዶቹ (ኳስ የሚያንቀሳቅሱት ፈጣን ተጫዋቾች) ይቀሙታል፤ ይህ ግን በልምምድ ቶሎ ይታረማል።

ከባዱ ችግር ፋውል ነው። በፊባ (በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ 5 ፋውል የሠራ ተጫዋች ይወጣል። ቡድኑ በአንድ ሩብ 4 ከሞላ ደግሞ፣ ከዚያ በኋላ በመከላከል ላይ የሚሠራው ፋውል፣ ወደ ቀለበቱ እየወረወረ ባልሆነ ተጫዋች ላይ እንኳ ቢሆን፣ 2 ነፃ ውርወራ ያስከፍላል። ተቀያሪ ሴንተር ብዙ ጊዜ የሚቀጣው እግሩ ዘግይቶ አጥቂው ካለፈው በኋላ በእጁ ስለሚመታ ነው። ቀድሞ ቦታ ይዞ፣ ሁለት እጁን ቀጥ አድርጎ ባለበት ሽቅብ ይዝለል። ስክሪን ሲሠራም (ለጓደኛው መንገድ ለመክፈት ተከላካዩን በአካሉ ሲዘጋ) እየተንሸራተተ ከገጨ ፋውሉ የሱ ነው።

ሌላው ትንፋሽ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ትበልጣለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ናት። ከታች የመጣ ግዙፍ ልጅ ደሴ ላይ ቶሎ ይደክማል፤ በአንዴ 3 ወይም 4 ደቂቃ አጫውቱትና ወደ መከላከል የሚመለስበት ሩጫ ሲዘገይ ቀይሩት።