ውሻ በሙቀት ሲመታ፦ ድሬ ላይ የምሠራበት መንገድ

ውሻ እንደ እኛ በመላ ሰውነቱ አያልብም። ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው፤ ምላሱና አፉ ውስጥ ያለው እርጥበት ሲተን ደሙ ይበርዳል። ለዚህ ደግሞ የሚንቀሳቀስ አየር ያስፈልገዋል። ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ ቆርቆሮ ሥር የታሰረ ውሻ ሳህኑ በውሃ ተሞልቶም በሙቀት የሚመታው ለዚህ ነው። ጥላ ውስጥ ነው ብለን እንዘናጋለን እንጂ ቆርቆሮው ራሱ እንደ ምጣድ ይግላል። አፍንጫቸው አጭር የሆኑ፣ የወፈሩና ያረጁ ውሾች ቀድመው ይወድቃሉ።

ውሻው ጥላ ገብቶ ዐርፎም ማለክለኩ ካልቀነሰ፣ ምራቁ እንደ ሙጫ ከተጎተተ፣ ድዱ ከወትሮው ይልቅ ደም መስሎ ከቀላ፣ ሌላ ምልክት አልጠብቅም። ከተንገዳገደ፣ ካስመለሰው ወይም ስሙ ሲጠራ ካልዞረ ጉዳዩ የደቂቃዎች ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። መንጋጋው የወደቀ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ የሚንገዳገድ የማላውቀው የመንገድ ውሻ ከሆነ አልነካውም፤ የእብድ ውሻ በሽታም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ድሮ ሙቀቱን ለክቼ ነበር የምጀምረው። አሁን ውሃው ይቀድማል፣ መለካቱ ጎን ለጎን ይሄዳል። የድሬ ችግር ግን ራሱ ውሃው ነው። ከቀትር በኋላ ከጣሪያ ላይ ሮቶ የሚወርደው ውሃ እጅ ያቃጥላል፤ ያንን ውሻ ላይ ማፍሰስ ጉዳቱን ማባባስ ነው። ስለዚህ በሙቀት ወራት 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሞልቼ ወለል ላይ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ለእጅ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ በቂ ነው። በረዶ እስኪገኝ ደቂቃ ማባከን ለውሻው አይበጅም።

ውሻውን ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ በጎኑ አስተኝቼ ሆዱን፣ ብብቱን፣ የእግሮቹን መሐል፣ አንገቱን አርሳለሁ። ጠጉሩ ረጅም ከሆነ ውሃው ከላይ ተንሸራቶ ይሄዳል፤ በጣቶቼ ከፍቼ ቆዳው ድረስ አደርሰዋለሁ። አፍንጫውና አፉ ውስጥ ውሃ እንዳይገባ ራሱን ከፍ አደርጋለሁ። ሌላ ሰው ቬንትሌተር ያዞርበታል፣ መብራት ከሌለ በካርቶን ያራግብለታል። ማራገቡን ብዙዎች ይዘሉታል፤ የሚያበርደው ግን ውሃው ብቻ ሳይሆን የውሃው መትነን ነው።

በብዛት የማየው ስህተት ውሻውን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ መተው ነው። ፎጣው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የውሻውን ሙቀት ይወስድና እንደ ብርድ ልብስ አፍኖ ይይዘዋል። ፎጣ ካስፈለገ ከሥር ይነጠፋል እንጂ ከላይ አይደረብም።

ሙቀት የምለካው ከፋርማሲ በሚገዛ ተራ ዲጂታል ቴርሞሜትር ነው። ጫፉን ቫዝሊን ቀብቼ በፊንጢጣው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አስገባና ጫፉ የአንጀቱን ግድግዳ እንዲነካ በትንሹ ወደ ጎን ጋደል አድርጌ እስኪጮህ እይዛለሁ። ሰገራ ውስጥ ከተሰካ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል፣ ሰውም ተሻለው ብሎ ይተወዋል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። 41 የደረሰና የተዳከመ ውሻ ለሞት ቀርቧል። በየ5 ደቂቃው እየለካሁ 39.4 ሲደርስ ውሃውን አቆማለሁ፤ ሙቀቱ ከዚያ በኋላም በራሱ ይወርዳል፣ ማፍሰሱን ከቀጠልኩ ከልክ በታች ይወርድብኛል።

ራሱን ያወቀ ውሻ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። የሚዋልል ከሆነ አፉን ከፍቶ ማጠጣት ውሃውን ወደ ሳንባ መላክ ነው፤ በፍጹም አይደረግም። ከዚያ በባጃጅ ወደ እንስሳት ሐኪም። ጎንና ጎኑ ክፍት ስለሆነ ነፋሱ እርጥቡን ውሻ እያበረደው ይሄዳል፤ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ግን የሠራነውን ሁሉ ያበላሻል። ውሻው ተነሥቶ ጭራውን ቢቆላም እንኳ እወስደዋለሁ። የኩላሊትና የደም መርጋት ችግር እስከ 3 ቀን ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፦ የጠቆረ ሽንት፣ ደም ያለበት ሰገራ፣ ድድና ሆድ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ።

ፓራሲታሞል አትስጡ፣ እባካችሁ። ይህ ትኩሳት አይደለም፤ ሰውነቱ ከውጭ ነው የጋለው፣ መድኃኒቱ አይሠራለትም። ድመትን ደግሞ የአንድ ኪኒን ስባሪ ሊገድላት ይችላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም የውሻን ሆድ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ።

በማለዳ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ተኝቶ 40 የሚያሳይ ውሻ ግን እውነተኛ ትኩሳት አለው፤ እሱን ውሃ አላፈስበትም። ጆሮው ውስጥና በጣቶቹ መካከል መዥገር እፈልግና ወደ ሐኪም እወስደዋለሁ። ቡናማው የውሻ መዥገር ሙቀት ይወዳል፣ በግድግዳ ስንጥቅም ይራባል፣ የደም በሽታም ያስተላልፋል።

ድመት አፏን ከፍታ ካለከለከች ነገሩ ከባድ ነው። ውሃ ሲፈስባት ትሸበራለች፣ ሽብሩም ሙቀቷን ይጨምራል፤ እጄን እያራስኩ ሆዷን፣ መዳፏንና ጆሮዋን አብሳለሁ፣ ቬንትሌተሩንም ከራቅ ብሎ አዞርባታለሁ። የምትጓዘውም በተዘጋ ካርቶን ሳይሆን አየር በሚያስገባ ቅርጫት ነው። ቀትር ላይ የዕቃ ቤት በር ከመቆለፋችሁ በፊት ውስጡን እዩ፤ ድመት ጥላ ፍለጋ ገብታ ትቀርና ማታ ናት የምትገኘው።

ለእግር ጉዞ ውሻዬን የማወጣው ጎህ ሲቀድ ወይም ፀሐይ ከገባች ቆይቶ ነው። የከዚራ ሰፈር አስፋልት ከመሸ በኋላም ሙቀት ይዞ ይቆያል። የእጄን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ለ7 ሰከንድ ማቆየት ካልቻልኩ መዳፉ ይቃጠላል፣ ተመልሼ እገባለሁ። የደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ለመዳፍ ይለሰልሳል፤ ደጋው ላይ ደመና ከታየኝ ግን ወደዚያ አልወርድም፣ ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ጎርፍ ሊመጣ ይችላል።