«በስንት ሰዓት አነሳሽው?»

መሥሪያ ቤታችን የመልክዓ ምድር ፎቶዎችን በትልቁ አትሞ ለግድግዳ ያዘጋጃል። አንድ ቴሌፎቶ ዙም ሌንስ (ሩቅ ያለውን አቅርቦ የሚያሳይ፣ የማቅረብ መጠኑ የሚቀያየር ሌንስ) ሊገዛ ታሰበና አወዳድሮ የመምረጡ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። 70-200 ኤፍ 2.8፣ 70-200 ኤፍ 4 እና 100-400 በውሰት ለሦስት ቀን መጡልኝ። (70-200 እና 100-400 የሌንሱ የትኩረት ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ የበለጠ ያቀርባል። «ኤፍ» የብርሃን መግቢያው ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል።) ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። መልክዓ ምድር ሲባል ብዙ ሰው ሰፊ ቦታ የሚይዝ ዋይድ ሌንስ ብቻ ነው የሚታየው። እኔ ግን ከሩቅ የተደራረቡ ተራሮችን፣ ጭጋግ መሃል ብቻዋን የቆመች ዛፍን በረጅም ሌንስ ነጥዬ ሳወጣ ነው ልቤ የሚሞላው።

በመጀመሪያው ቀን ከሸለቆ ማዶ ያለ የድንጋይ ገደል መረጥኩ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በኤፍ 2.8ቱ ጀመርኩ። ተጠንቅቄ፣ አፐርቸሩን (የቀዳዳውን ስፋት) እየለዋወጥኩ አነሳሁ። ከዚያ ኤፍ 4ቱን ቀጠልኩ። 100-400ው ተራው ሲደርስ 5 ሰዓት አልፎ ነበር።

ማታ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ አጉልቼ አየኋቸው። በኤፍ 2.8ቱ የድንጋዩ ስንጥቅ ሁሉ ይቆጠራል። በ100-400ው፣ 400 ላይ፣ ገደሉ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ጊዜ አላጠፋሁም። «100-400 በረጅሙ ጫፍ ደካማ ነው፤ 70-200 ኤፍ 2.8 ይገዛ» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ።

አለቃዬ ከመፈረማቸው በፊት ፎቶዎቹን በህትመት ክፍል ላሉት አንጋፋ ባልደረባችን አሳዩዋቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ጠሩኝና ስለ ሌንሱ ምንም ሳይጠይቁ፣ «በስንት ሰዓት አነሳሽው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። በ400 ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ተራ በተራ እያፈራረቁ አሳዩኝ። በአንዱ የገደሉ ግራ ጠርዝ ጥርት ብሏል። በሚቀጥለው ግራው ደብዝዞ መሃሉ ጠርቷል።

«የሌንስ ጉድለት ቦታ አይቀይርም» አሉኝ። «ግራው ደካማ ከሆነ ሁሌም ግራው ነው። ይሄ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። አየሩ ነው ልጄ።»

ደነገጥኩ። በቀትር አስፋልት ላይ ሲርገበገብ የምናየው ነገር መሆኑን አውቃለሁ እኮ! ምድሩ ሲግል ሞቃት አየር ይነሳል፣ ከቀዝቃዛው ጋር ይደባለቃል፣ በመሃላቸው የሚያልፈው ብርሃንም ይታጠፋል። ሸለቆው ሰፊ ስለሆነ ብርሃኑ ብዙ አየር አቋርጦ ነው የሚደርሰኝ። 200 ሚሊ ሜትር በሙሉ ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል በሆነ) 12 ዲግሪ ያህል ያያል፤ 400 ደግሞ 6። ስለዚህ ያንኑ መርገብገብ በእጥፍ አጉልቶ ያሳያል። ለአንዱ ሌንስ ቀዝቃዛውን ጠዋት፣ ለሌላው ሙቀቱን ሰጥቼ ነው የፈረድኩት።

በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ ደረስኩ። ሦስቱንም በ200፣ በኤፍ 8፣ እያፈራረቅኩ አነሳሁ፤ ከዚያም ቅደም ተከተሉን ገልብጬ ደገምኩ። ካሜራው ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ስለነበር ስቴብላይዘሩን (የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያካክሰውን) አጠፋሁ፣ በእጄ እንዳላነቃንቀውም ሹተሩን በሁለት ሰከንድ መዘግየት ለቀቅኩ። አትመን ጎን ለጎን ስናያቸው ጋሼም እኔም የቱ የየትኛው እንደሆነ መለየት አቃተን። በኤፍ 2.8 ከፍቶ ማንሳት ለመልክዓ ምድር እምብዛም አያስፈልግም። ለዚያ ብቻ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ለእኔ አያዋጣም። (ሁሉም እንዲህ አይከብዱም። ሶኒ በ2021 ያወጣው ሁለተኛው 70-200 ኤፍ 2.8 ከአንድ ኪሎ ብዙም አያልፍም።) ለራሴ ቢሆን ቀላሉን ኤፍ 4 ነበር የምወስደው።

ለመሥሪያ ቤቱ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። በ200 ያነሱትን ፎቶ የ400ውን ያህል እንዲቀርብ ከቆረጡት የሚቀረው ሩብ ነው። ከ24 ሜጋፒክስል 6 ማለት ነው። እኛ ደግሞ በትልቁ ነው የምናትመው። በ400 የጠዋቱ ፎቶ ላይ ያ «ደካማ» ያልኩት ሌንስ የገደሉን ስንጥቆች ጥርት አድርጎ አሳየኝ።

አለቃዬ ቢሮ ገብቼ የመጀመሪያውን ሪፖርት እንዲመልሱልኝ ጠየቅኩ። ተሳስቼ እንደነበር ነገርኳቸው። በሦስተኛው ቀን፣ ቀትር 6 ሰዓት ላይ፣ በመጀመሪያው ሪፖርት ያመሰገንኩትን ኤፍ 2.8 ብቻ ይዤ እዚያው ቦታ ቆምኩ። በ200 ገደሉ ተርገበገበ። ያንን ፎቶ ከአዲሱ ሪፖርት ጋር አያያዝኩት፣ ከሥሩም ሰዓቱን ጻፍኩበት።