የሲሊንደር ምርመራ፦ ሰርተፊኬቱ እጄ ገባ፣ አንገቱ ግን ፍዳዬን አሳየኝ

ሰርተፊኬቱ እጄ ገብቷል። ከእንግዲህ የራሴን የዳይቪንግ ሲሊንደሮች ቫልቭ ፈትቼ፣ ሆዳቸውን አይቼ፣ የዓመቱን ስቲከር በራሴ እጅ መለጠፍ እችላለሁ። መኩራቴን አልደብቅም። ከጠላቂ ወዳጆቼ መሀል "እኔስ ብማረው?" የሚል ስለማይጠፋ ምን እንደሚመስል ላጫውታችሁ።

በቅድሚያ ግን፣ ገንዘብ ለመቆጠብ ከሆነ ይቅርባችሁ። ኮርሱ ይከፈልበታል፣ መሣሪያው ይገዛል፣ ፒኤስአይ-ፒሲአይ የሚባለው የአሜሪካ የሲሊንደር መርማሪዎች አሠልጣኝ ድርጅት የሚሰጠው ሰርተፊኬት ደግሞ በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። አንድ ሁለት ሲሊንደር ላለው ሰው ሒሳቡ አይገጥምም። እኔም ቤት ውስጥ "ወጪ ይቀንስልናል" ብዬ ነው ያስፈቀድኩት፤ ያን ጊዜም ቢሆን አላመንኩበትም። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። 207 ባር የታመቀ አየር ጀርባዬ ላይ አዝዬ ስገባ፣ ውስጡን ያየው ሰው በደንብ ይየው አይየው አለማወቄ ይከነክነኝ ነበር።

የክፍሉን ትምህርት በአጭሩ ልለፈው። የሲሊንደሩ ትከሻ ላይ የተመታውን ጽሑፍ ማንበብ ትማራላችሁ። በአሜሪካ ምልክት 3ኤኤል ከሆነ አሉሚኒየም፣ 3ኤኤ ከሆነ ብረት ነው። በወሩና በዓመቱ መካከል በካሬ የተደረደሩት አራት ፊደልና ቁጥሮች የፈተሸውን ድርጅት መለያ ይነግሯችኋል። ከዚያ ሁለቱን ፍተሻዎች አለማምታታት ነው። በየ5 ዓመቱ የሚደረገው የውሃ ግፊት ሙከራ የእኛ ሥራ አይደለም። እዚያ ሲሊንደሩ ውሃ ተሞልቶ ከሥራ ግፊቱ በላይ ይጫናል (207 ባር የሚሠራው አሉሚኒየም እስከ 345 ባር)፤ ምን ያህል እንደተነፋና ምን ያህሉ ሳይመለስ እንደቀረ ይለካል። ያልተመለሰው ከጠቅላላው መነፋት ከ10 በመቶ ካለፈ ሲሊንደሩ አበቃለት። የእኛ በዓይን የሚደረገው ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህን በየዓመቱ አድርጉ የሚል የፌዴራል ሕግ የለም፤ የሙያው ልማድ ነው። ነገር ግን ስቲከር ከሌለ አየር የሚሞላላችሁ አታገኙም፤ ስለዚህ ከሕግ አይተናነስም።

የውጪውም ምርመራ ከባድ አይደለም። ከታች የምናለብሰውን የጎማ ጫማ አውልቁ፤ ጨው የሚደበቀው እዚያ ነው። ከሥሩ የሚወጣውን ካያችሁ በኋላ ጫማውን ዳግም ማልበስ ያስጠላችኋል።

አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ። አንገት።

ጉዳዩ የመጣው 6351 ከሚባለው የድሮ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። በዚህ ቅይጥ የተሠሩ አንዳንድ ሲሊንደሮች ለዓመታት ግፊት ተሸክመው ሲኖሩ አንገትና ትከሻቸው አካባቢ ቀስ እያለ የሚያድግ ስንጥቅ ያወጣሉ። አየር ሲሞሉ የፈነዱ አሉ። ሲሊንደር አምራቹ ሉክስፈር አሜሪካ ውስጥ እስከ እ.ኤ.አ. 1988 አጋማሽ ድረስ በዚህ ቅይጥ ይሠራ ነበር፤ ከዚያ 6061 ወደሚባለው ሌላ ቅይጥ ዞረ። አሠልጣኞች አንገት አንገት የሚሉት ወደው አይደለም።

ችግሩ ማየቱ ነው። ቫልቩ ሲወጣ የሚቀረው ቀዳዳ ከ2 ሴንቲሜትር ተኩል ብዙም አይሰፋም። በዚያች ቀዳዳ መብራትም መስታወትም ዓይንም ላስገባ ትላላችሁ። የመጀመሪያውን አሉሚኒየም ስመለከት ከላይ ወደታች ጥርሶቹን (ቫልቩ እየተሽከረከረ የሚታሰርባቸውን ጠመዝማዛ መስመሮች) አንድ በአንድ እያቋረጠ የሚወርድ ቀጥ ያለ መስመር አየሁ። ልቤ ድክም አለ። አሠልጣኙ ጎንበስ ብሎ አየና "ይሄማ የፋብሪካ ነው" አለ። ጥርሱን የሚያወጣው መሣሪያ ቆሞ ወደኋላ ሲዞር የሚተወው ምልክት ነው። ታዲያ ስንጥቅም እንደዚሁ ጥርስ እያቋረጠ ነው የሚሄደው! በምን ልለያቸው?

በስንት ጣር የያዝኩት ይህን ነው። መጀመሪያ ጽዳት። የቆየ ግሪስና ነጭ የአሉሚኒየም ዱቄት በጥርሶቹ መሀል ሲጠጥር ስንጥቅ ይመስላል፤ በናይሎን ብሩሽ (የሽቦ ብሩሽ በፍጹም!) ስትጠርጉት አንዳንዱ "ስንጥቅ" ተጠርጎ ይወጣል። ከዚያ መብራቱን አዙሩ። የፋብሪካው ምልክት ከአንድ ወገን ሲበራበት ያብለጨልጫል፣ ከሌላው ወገን ይጠፋል። ስንጥቅ ግን ከየትም ብታበሩበት ጥቁር ክር ሆኖ ይቀመጣል። ቀጥሎ ወንድሞቹን ፈልጉለት፤ መሣሪያው ብዙ ስለት ስላለው ምልክቱ ዙሪያውን በእኩል ርቀት ይደጋገማል። ስንጥቅ እንዲህ ያለ ሥርዓት አያውቅም፤ መንገዱም ወልገድገድ ይላል።

የመጨረሻውና ለእኔ ዋናው ከጥርሶቹ በታች ያለውን መመልከት ነው። ክፉው ስንጥቅ ከውስጥ ከትከሻው ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ ስለሆነ፣ መስመሩ የመጨረሻው ጥርስ ላይ ካበቃና ከሥሩ ያለው ብረት ንጹሕ ከሆነ ትንፋሽ ትወስዳላችሁ። እዚያው ትከሻው ላይ ሌላ አደናጋሪ አለ፦ ፋብሪካው አንገቱን ሲያጠብብ ብረቱ ተጨማድዶ የተወው እጥፋት። እጥፋት ሰፋ ይላል፣ ታቹ ክብ ነው፤ ስንጥቅ ታች የለውም፣ ጨለማ ነው። በአሜሪካ ደንብ የሁለት ጥርስ ያህል ወይም ከዚያ በላይ የሚረዝም የአንገት ስንጥቅ ያለበት ሲሊንደር ከአገልግሎት ይወጣል፤ ድርድር የለም።

ይህን ሁሉ አውቄም አፍጥጬ የምቀርበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ስቲከር አልለጥፍም፤ ከእኔ የበለጠ ብዙ ያየ ሰው ዘንድ እወስደዋለሁ።

"ለምን በኤዲ ከረንት አትገላገልም?" የሚሉኝ አሉ። አንገቱ ውስጥ እየተሽከረከረ የሚገባ መፈተሻ ያለው መሣሪያ ነው፤ ስንጥቅ ሲያገኝ ምልክት ይሰጣል። ለ6351 አስፈላጊ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በየ5 ዓመቱ ሙከራ ላይ ለእነዚያ ሲሊንደሮች ግዴታ ነው። ባገኙት ሲሊንደር ሁሉ የሚሰኩት ሰዎች ግን ያናድዱኛል። 6061 ላይ ያለ ምክንያት ይጮህና ጤነኛ ሲሊንደር ያስጥላል። ቢጮህም ባይጮህም መስታወት ይዞ ማየቱ አይቀርም፤ ስለዚህ መጀመሪያ መስታወቱን ልመዱ። ከሁሉ የምወደው መሣሪያ ረጅም እጀታ ያላት ክብ የጥርስ ሐኪም መስታወት ናት። ከእሷ ጋር በሚተጣጠፍ ሽቦ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ አምፖሎች ሆድ ውስጥ ይገባሉ፤ ብርሃኑ ከታች ወደ አንገቱ ይመጣል። የስልክ መብራት ከላይ ከያዛችሁ ቀዳዳውን ራሳችሁ ትዘጉታላችሁ። በኬብል የሚገባውን ካሜራ አልወደውም፤ ጭረቱን ሁሉ ገደል አስመስሎ ያሳያል።

የቀረውን እንደመጣልኝ ልበለው። ቫልቭ ከፍታችሁ ምንም ካልተነፈሰ ባዶ ነው ብላችሁ አትመኑ፤ ቫልቩ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ከላላ በኋላ በእጅ መዞር አለበት፤ ካስቸገረ ቆም በሉ፣ ውስጡ ግፊት አለ ብላችሁ ጠርጥሩ። ኤም25 (የ25 ሚሊሜትር) ቫልቭ ባለ ሦስት አራተኛ ኢንች ሲሊንደር ውስጥ ላላ ብሎ ይገባል፤ የያዘ ይመስላል፣ ሲሞላ ግን ተወርውሮ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ቫልቩ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትግጠሙ። አሉሚኒየም ሲሊንደር በምድጃ የሚደርቅ ቀለም አታስቀቡ፤ ከ177 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሞቀ በአሜሪካ ደንብ ከአገልግሎት ውጪ ነው። ኦሪንጉን (አየር እንዳያፈተልክ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት) በየምርመራው ቀይሩ፤ የአንገቱ ቁጥር ብዙውን ጊዜ 214 ነው። ኦክሲጅን የበዛበት ጋዝ የምትሞሉ ከሆነ ሲሊኮን ግሪስ አጠገቡ አይድረስ።

ከመመዝገባችሁ በፊት ደግሞ አየር የምትሞሉበት ቦታ ሄዳችሁ "ራሴ መርምሬ የለጠፍኩትን ስቲከር ትቀበላላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። የእኛን ሰዎች ስጠይቃቸው አንዱ ያለ ማንገራገር እሺ አለ፤ ሌላው "ምርመራውን የጻፍክበትን ወረቀት ይዘህ ና" አለኝ። አሁን ለእያንዳንዱ ሲሊንደር መለያ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ያየሁትን የምጽፍበት ደብተር አለኝ፤ ልሞላ ስሄድ ይዤው እሄዳለሁ።