አንድሮይድ ስልኬን ከማክ ጋር እንዴት እንዳግባባሁት

የስራ ኮምፒውተሬ ማክቡክ ኤር ኤም1 ነው፣ ስልኬ ደግሞ ሳምሰንግ ኤ ሲሪየስ። ይሄን ስናገር ብዙ ሰው የሚለኝ አንድ ነገር ነው፣ "አይፎን ግዛና ተገላገል"። እሺ ብሩን ማን ይስጠኝ? ደግሞ ስልኬን እወደዋለሁ፣ ሁለት ሲም ይይዛል፣ ሜሞሪ ካርድ ይቀበላል፣ መብራት ጠፍቶ ቢያመሽም ባትሪው ያደርሰኛል። ስለዚህ ስልክ መቀየሩን ትቼ ሁለቱን ማግባባት ውስጥ ገባሁ፣ አሁን ከሞላ ጎደል የምፈልገው ሁሉ እየሰራልኝ ነው፣ እንዴት እንዳደረኩት ልንገራችሁና እናንተም ሞክሩት።

አንድ አፕ ጭኜ ሁሉ ነገር ይስተካከላል ብላችሁ ካሰባችሁ ቁርጡን ልንገራችሁ፣ የለም። ያለ ኬብል ፋይል የሚላክበት ኤርድሮፕ፣ አንዱ ላይ የጀመሩትን ሌላው ላይ የሚቀጥሉበት ሃንድኦፍ፣ እዚህ ኮፒ አድርጎ እዛ ፔስት ማድረግ ምናምን የሚባለው ሁሉ አፕል ለራሱ እቃዎች የሰራው ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ስልክን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ "ፎን ሊንክ" የሚባል ፕሮግራም አለው፣ እሱም ማክ ላይ የለም። የሚያዋጣው ስራችሁን መለየት ነው፣ ፎቶ ማውረድ ሌላ፣ ትልቅ ቪዲዮ ሌላ፣ ኤስኤምኤስ ማየት ሌላ፣ ለየራሳቸው መንገድ አላቸው። የእኔ ሌላው መመሪያ ደግሞ በተቻለ መጠን ኢንተርኔት የማይነካውን መንገድ መምረጥ ነው፣ ምክንያቱም ስልኩና ማኩ እዚሁ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ፋይሉ ባህር ተሻግሮ የሚመለስበት ምክንያት አይታየኝም፣ ዳታውን የምከፍለው እኔ ነኝ።

ይሄን የምለው አብዛኞቻችን ያለችን ዘዴ አንዲት ስለሆነች ነው፣ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ። ስልክ ላይ ትልካለህ ማክ ላይ ታወርዳለህ። ለአንድ ፒዲኤፍ ወይ ለደረሰኝ ፎቶ አሪፍ ነው፣ አሁንም እጠቀመዋለሁ። ግን ፎቶ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱን ይቀንሰዋል፣ እንደ ፋይል መላክ አለባችሁ፣ ፕሪሚየም ካልከፈላችሁ ደግሞ አንድ ፋይል ከ2 ጊጋ አይበልጥም፣ ከዛ ሁሉ በላይ አንዱን ነገር ለመስቀልም ለማውረድም ሁለቴ ነው ዳታ የምትከፍሉት።

ወደ ኬብሉ እንምጣ። ከመንገድ ዳር ከሚሸጡት ኬብሎች ብዙዎቹ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርጉት፣ ውስጣቸው የዳታ ሽቦ የለም። ስልኩን ሰክታችሁ ቻርጅ እያደረገ ኖቲፊኬሽኑን ወደታች ስትስቡት ስለ ዩኤስቢ የሚያወራ ነገር ጭራሽ ካልመጣ ማኩንም ስልኩንም ከመስደባችሁ በፊት ኬብሉን ቀይሩ። ማክ ኦኤስ ቬንቹራና ከዛ በኋላ ያለው ደግሞ ኤም ቺፕ ያላቸው ላፕቶፖች ላይ አዲስ እቃ ሲሰካ ላገናኘው ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ አሎው ካላላችሁት ቻርጅ ከማድረግ ውጭ ምንም አይሰራም።

ኬብሉ ትክክል ሆኖም ግን ፋይንደር ላይ፣ ማለትም የማኩ ፋይል ማሳያ ላይ፣ ስልኩ አይመጣም፣ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ የድሮ አንድሮይዶች ሲሰኩ እንደ ፍላሽ ነበር የሚከፈቱት፣ ኮምፒውተሩ ሜሞሪውን ሲይዘው ግን ስልኩ ራሱ ሊጠቀምበት አይችልም ነበር። ስለዚህ አንድሮይድ ኤምቲፒ ወደሚባል መንገድ ዞረ፣ ይሄ ከማይክሮሶፍት ቤት የመጣ ስለሆነ ዊንዶውስ በቀጥታ ይከፍተዋል፣ ማክ ግን ለዚህ የሚሆን ከራሱ ጋር የሚመጣ ምንም የለውም። ጉግል ለዚህ ብሎ አንድሮይድ ፋይል ትራንስፈር የሚባል ፕሮግራም ነበረው፣ እሱንም እ.ኤ.አ. በ2024 ከገጹ አነሳው። ዛሬም አውርዱት የሚሉ የማይታወቁ ገጾች አሉ፣ ከእነሱ ወስዳችሁ እንዳትጭኑ።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር ላሳያችሁ። ፎቶ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ምንም አፕ መጫን አያስፈልጋችሁም። ስልኩን ሰኩ፣ ኖቲፊኬሽኑን ሳቡ፣ ዩኤስቢ የሚለውን ነክታችሁ ፋይል ትራንስፈር ሳይሆን ትራንስፈሪንግ ኢሜጅስ የሚለውን ምረጡ፣ አንዳንድ ስልክ ላይ ፒቲፒ ነው የሚለው። ከዛ ማኩ ላይ ኢሜጅ ካፕቸር የሚባለውን ክፈቱ፣ ከማኩ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። በግራ በኩል የስልካችሁ ስም ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ፣ ስትነኩት ፎቶዎቹ ከነቀናቸው ይዘረዘራሉ፣ ከታች የት ፎልደር እንደሚገቡ መርጣችሁ ዳውንሎድ ነው። ስልኩ ማክን ያገኘው ካሜራ ነኝ ብሎ ስለሆነ የካሜራና የፎቶ ፎልደሮችን እንጂ ሌላውን አያሳይም፣ ለፎቶ ግን ከዚህ የሚቀል አላገኘሁም። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ሲያልፋት ነው የሚገርመኝ።

ሌላ ፋይል ከሆነ ኦፕን ኤምቲፒን ጫኑ፣ ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ሲከፈት በአንድ በኩል ማኩ በሌላው በኩል ስልኩ ይታያል፣ ጎትቶ መጣል ነው። የአክስቴን ልጅ መልስ በ4ኬ ቀርጬ አንዱ ቪዲዮ ብቻ ከ5 ጊጋ በላይ ሆኖ ነበር፣ ቴሌግራም ጭራሽ የማይሞከር፣ በዚህ ግን ቡና ተፈልቶ አቦሉ ሳይቀዳ አልቆ ነበር። ስልኩ መከፈቱን ማለትም ሎክ አለመሆኑን እዩ፣ አሁን ደግሞ ፋይል ትራንስፈር የሚለው ነው የሚመረጠው። ስልኩን አላገኘሁትም ካለ ከጀርባ የተከፈቱ እንደ ጉግል ድራይቭና ስማርት ስዊች ያሉ ፕሮግራሞችን ዝጉ፣ ስልኩን ቀድመው ስለሚይዙበት ነው። እና አደራ፣ መጀመሪያ ኮፒ፣ ማኩ ላይ ከፍቶ ማየት፣ ከዛ ነው ከስልክ ማጥፋት፣ የሰው ሰርግ ነው።

ኬብል በሌለበት ሎካል ሴንድ የሚባለውን ነው የምጠቀመው። ስልኩም ማኩም ላይ ይጫናል፣ ሁለቱ አንድ ዋይፋይ ላይ ካሉ ይተያያሉ፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ራሱ ይሰራል፣ አካውንት አይጠይቅም፣ ዊንዶውስ ያለው ጓደኛም አይፎን ያላት እህትም ላይ ስለሚሰራ ለቢሮ ሁሉ ነው ያስጫንኩት። ሁለት ቦታ ነው የሚያስቸግረው። አንደኛው ማክ ኦኤስ ሴኮያ ላይ አፑ በዋይፋዩ ላይ ያሉ እቃዎችን ያግኝ ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ ሳታነቡ ኖ ካላችሁ አይተያዩም፣ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ገብታችሁ ሎካል ኔትወርክ የሚለው ላይ ማብራት ነው። ሁለተኛው የካፌና የሆቴል ዋይፋይ ነው፣ ብዙዎቹ ለደህንነት ብለው አንዱ ደንበኛ የሌላውን እቃ እንዳያይ ይዘጋሉ። እዛ ስሆን የስልኬን ሆትስፖት አብርቼ ማኩን በሱ አገናኘዋለሁ፣ ፋይሉ ከስልክ ወደ ማክ ብቻ ስለሚሄድ ከፓኬጁ አይቆርጥም። ከስልኩ በኩዊክ ሼር፣ በአንድሮይድ የራሱ ፋይል መላኪያ፣ መላክ የምትወዱ ደግሞ ኒርድሮፕ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፣ ማኩ ኩዊክ ሼር ላይ እንዲታይ ያደርጋል። የጉግልን ስልክ ፒክስል 10 የያዛችሁ እድለኞች ናችሁ፣ ጉግል እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2025 ላይ ኩዊክ ሼርን ከኤርድሮፕ ጋር አገናኝቶታል፣ ማኩ ላይ ኤርድሮፕን ለሁሉም ሰው ክፍት ማድረግ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ።

ቀጥሎ ያለው በየቀኑ የሚያስፈልገኝ ነው፣ ኤስኤምኤስ። የባንኩ ኮድ፣ የቴሌብር መልእክት፣ ገቢ ተደርጎልዎታል የምትለዋ፣ ሁሉም ስልክ ላይ ነው የሚመጣው፣ ስልኩ ደግሞ ሁሌ ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ነው። ጉግል ሜሴጅስን ስልካችሁ ላይ ዋና የመልእክት አፕ አድርጉት፣ ማኩ ላይ በክሮም የሜሴጅስን ዌብ ገጽ ክፈቱና በስልኩ ኪውአር ኮዱን አንሱት፣ በቃ መልእክቶቻችሁ በሙሉ ማኩ ላይ ናቸው፣ መጻፍም መመለስም ይቻላል። ስልኩ ግን ኢንተርኔት ላይ መሆን አለበት። የጋራ ኮምፒውተር ላይ እንዳትሞክሩት፣ የባንክ ኮዳችሁን የሚያነብ ሰው ፊት ለፊት ማስቀመጥ ነው፣ ከሞከራችሁም ስልኩ ላይ ገብታችሁ ግንኙነቱን አቋርጡት።

ግን ዩኤስኤስዲ በዚህ አይሰራም፣ *127# ወይ *889# ከዌብ ገጹ መደወል አይቻልም። ለሱና ለሌላው ሁሉ ስክሪኑን እንዳለ ማኩ ላይ የሚያመጣ ፕሮግራም አለ፣ ስሙ ሲጻፍ ኤስ፣ ሲ፣ አር፣ ሲ፣ ፒ፣ ዋይ ነው፣ እኔ ስክሪን ኮፒ እያልኩ ነው የምጠራው። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ስልኩ ላይ የሚጫን አፕም የለውም። አጫጫኑ ትንሽ ያስፈራል እንጂ ከባድ አይደለም። ማኩ ላይ ሆምብሪው የሚባለው ፕሮግራም መጫኛ ካላችሁ በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ ብሪው ኢንስቶል ብላችሁ ስሙን መጻፍ ነው፣ ኮምፒውተሩ ስልኩን የሚያዝበት ኤዲቢ የሚባለውም ለብቻው ይጫናል። ስልኩ ላይ ደግሞ ሴቲንግ፣ አባውት ፎን፣ ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን ገብታችሁ ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ንኩት፣ ዴቨሎፐር ሆነሃል ይላል፣ ከዛ በሚመጣው ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ውስጥ ዩኤስቢ ዲበጊንግን አብሩ። አዳዲስ ሳምሰንግ ላይ አውቶ ብሎከር የሚባለው በርቶ ከሆነ ይሄን ስለሚከለክል መጀመሪያ እሱን ማጥፋት ነው። ኬብሉን ስትሰኩ ስልኩ ይሄን ኮምፒውተር ልመነው ወይ ይላል፣ እሺ በሉት፣ ተርሚናል ላይ ስሙን ጽፋችሁ ኢንተር ስትሉ ስልካችሁ ማኩ ላይ በመስኮት ቁጭ ይላል።

ከዛ በማውዝ ነው የምትነኩት። ከስሙ ቀጥሎ ሰረዝ አድርጋችሁ ትልቁን ኤስ ከጻፋችሁ የስልኩ መብራት ጠፍቶ ማኩ ላይ ብቻ ይሰራል፣ ባትሪ ይቆጥባል። ፋይል ወደ መስኮቱ ጎትታችሁ ከጣላችሁ ዳውንሎድ ፎልደር ይገባል፣ ኤፒኬ፣ ማለትም የአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይል፣ ከሆነ ይጭነዋል። አንድሮይድ 11ና ከዛ በላይ ከሆነ ድምፁም በማኩ ይወጣል። አማርኛ ግን በማኩ ኪቦርድ ቀጥታ አይጽፍላችሁም፣ በዋናው አሰራሩ ከላቲን ፊደል ብዙም አያልፍም፣ ማኩ ላይ ጽፋችሁ ኮፒ ፔስት ስታደርጉት ግን ይቀበላል። አንዳንድ የባንክ አፖች ስክሪናቸው እንዳይቀረጽ ስለሚከለክሉ ጥቁር ሆነው ነው የሚታዩት፣ ዩኤስቢ ዲበጊንግ በርቶ ካዩ ጭራሽ አልከፈትም የሚሉም አሉ፣ በመደወያው የሚላከው ኮድ ግን ችግር የለበትም። ስራ ስጨርስ ዲበጊንጉን አጠፋዋለሁ፣ በርቶ ስልኩን የማላውቀው ኮምፒውተር ላይ መሰካት አልወድም።

ስለ አማርኛ ካነሳሁ አይቀር፣ ጂቦርድ ላይ አማርኛ በድምፅ መጻፍ ይቻላል፣ ጉግል ይሄን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ረጅም ነገር ስጽፍ ስልኩን ይዤ ጉግል ኪፕ ላይ እያወራሁ እጽፋለሁ፣ ማኩ ላይ ኪፕን በብራውዘር ስከፍተው ጽሑፉ እዛው ነው፣ ስህተቱን በትልቁ ኪቦርድ አርማለሁ። ይሄኛው በኢንተርኔት ነው የሚሄደው፣ ጽሑፍ ስለሆነ ግን ዳታው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ኮንታክትና ካላንደር የአምስት ደቂቃ ስራ ነው፣ ማኩ ሲስተም ሴቲንግ ውስጥ ኢንተርኔት አካውንትስ ገብታችሁ ጉግልን ጨምሩና ኮንታክትስና ካላንደር የሚሉትን አብሩ። ቁጥሮቻችሁ ሲም ላይ ወይ ሳምሰንግ አካውንት ላይ ከሆኑ መጀመሪያ ወደ ጉግል አዛውሯቸው፣ አለዚያ አይመጡም።

ሆትስፖት ላይ ግን ጥንቃቄ። በዩኤስቢ ቴተሪንግ፣ ማለትም የስልኩን ኢንተርኔት በኬብል ማካፈል፣ ብትሞክሩ ብዙ ስልኮች ለዊንዶውስ የሚሆነውን አርኤንዲአይኤስ ስለሚጠቀሙ ማክ አያውቃቸውም፣ በዋይፋይ ሆትስፖት ማድረግ ይሻላል። ችግሩ ማክ ዋይፋይ ካገኘ የቤት ነው ብሎ ስለሚያስብ አፕዴቱን፣ የአይክላውድ ፎቶውን ሁሉ መጎተት ይጀምራል፣ አንድ ትልቅ የማክ ኦኤስ አፕዴት ብቻ ከ10 ጊጋ በላይ ሊሆን ይችላል፣ የወር ፓኬጅ በአንድ ሌሊት ደህና ሰንብት። ከሆትስፖቱ ጋር ከተገናኛችሁ በኋላ ዋይፋይ ሴቲንግ ገብታችሁ ከስሙ አጠገብ ዲቴይልስ የሚለው ውስጥ ሎው ዳታ ሞድን አብሩ፣ ለዚያ ሆትስፖት ብቻ ያስታውሰዋል። አውቶማቲክ አፕዴት ማውረዱንም አጥፉት፣ ጥሩ ዋይፋይ ስታገኙ በእጃችሁ አድርጉት፣ ዝም ብላችሁ ግን እንዳትረሱት የደህንነት አፕዴቶች አሉበት።

የስልክ ጥሪ ማኩ ላይ ማንሳትን ትቼዋለሁ፣ የሚያዋጣ መንገድ አላገኘሁለትም። ይልቅ ሁለት እቃ ባንዴ የሚይዝ የብሉቱዝ ኢርፎን ገዛሁ፣ ከማኩም ከስልኩም ጋር ስለሚገናኝ ቪዲዮ እያየሁ ስልክ ሲጠራ ድምፁ በራሱ ወደ ስልኩ ይዞራል፣ ስዘጋ ወደ ማኩ ይመለሳል። ስትገዙ ሻጩን መልቲፖይንት አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁት፣ ካላወቀ ካርቶኑ ላይ እዩ፣ እሱም ከሌለ እዛው ሱቅ ውስጥ ከስልካችሁና ከሻጩ ስልክ ጋር ባንዴ አገናኝታችሁ ሞክሩት።