"ክኔተን"፦ በስህተቴ በኩል ያገኘሁት ግስ

ጀርመንኛ መማር ከጀመርኩ ሰባት ወር ሞላኝ። ቃል የሚገባኝ እየሠራሁ ስይዘው ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ዳቦ እየጋገርኩ የሊጥ ቃላትን ደብተሬ ላይ ሰበሰብኩ። ከሁሉም ልቤን የያዘው "ክኔተን" ነው፤ ማቡካት ማለት ነው። እንደኛው ጭቃም ይቦካበታል። ልጆች ቅርጽ የሚሠሩበት ለስላሳ መጫወቻም "ክኔተ" ይባላል።

መምህሬ "ትናንት ሊጥ አቦካሁ" የሚለውን በጀርመንኛ እንድናገር ጠየቀችኝ። "ትሬተን" (መርገጥ) ሲያልፍ "ትራት" ስለሚሆን፣ በዚያው ሂሳብ "ክናት" አልኩ። አረመችኝ፤ ዛሬ የሚባለው "ክኔተተ" ነው።

ማታ የቃላት ታሪክ ሳገላብጥ ግን ያንኑ "ክናት" አገኘሁት። በመካከለኛው ዘመን ጀርመንኛ ትክክለኛው እሱ ነበር! እንዲህ አናባቢያቸውን ለውጠው ኃላፊ ጊዜ የሚሠሩ ግሶች "ጠንካራ" ይባላሉ። "ክኔተን" ከጊዜ በኋላ መጨረሻው ላይ "ተ" ብቻ ወደሚጨምሩት "ደካሞች" ተቀላቀለ። እንግሊዝኛም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ጥንት "ክኔዳን" ብሎ ሲያልፍ "ክናድ" ይል ነበር፤ ዛሬ "ኒድ"፣ "ኒዲድ" ነው። "ክ"ዋን አሁንም ይጽፏታል እንጂ አይጠሯትም።

ዘመዶቹን ጎን ለጎን ጻፍኳቸው፤ የሆላንዱ "ክኔደን"፣ የስዊድኑ "ክኖዳ"፣ የአይስላንዱ "ህኖዳ"። ራቅ ብሎ ደግሞ የሩሲያው "ግኔስቲ" አለ፤ ትርጉሙ መጫን ነው። እዚያ "ግ" የነበረችው በጀርመናዊ ቋንቋዎች "ክ" ሆናለች። መጫን ወደ ማቡካት ሲሄድ በእጄ ላይ ታየኝ። በመዳፍ ገፋ፣ አጠፍ፣ እንደገና ጫን።

አንድ ነገር ግን ከአማርኛችን ጋር አልገጥም አለኝ። እኛ "አቦካሁት" ብለን እጃችንን፣ "ቦካ" ብለን እርሾውን እንናገራለን፤ ሥሩ አንድ ነው። "ክኔተን" ግን የእጅ ሥራ ብቻ ነው። እጅ ከተነሳ በኋላ ሊጡ "ይሄዳል" ይላሉ፤ ኩፍ እስኪል እንዲሄድ ይተዉታል። የእኛው አባባል ለእኔ ይበልጥብኛል፤ ሥራውንና ውጤቱን አይለያይም።

አሁን የያዝኩት "ባከን"ን ነው፤ መጋገር። እሱ ገና መንገድ ላይ ነው። የድሮው "ቡክ" በ"ባክተ" ተተክቷል፤ "ገባከን" (የተጋገረ) ግን እስከ ዛሬ እንደ ጥንቱ ነው።