የድሮው ትርጉም የት ይደበቃል? ከቃላት ደብተሬ

ትርጉማቸው የተቀየረ ቃላት መልቀም ከጀመርኩ ሰነባብቻለሁ። እናንተም እንደ እኔ ቃላት በደብተር የምትለቅሙ ከሆነ፣ ሰሞኑን የያዝኩትን ዘዴ ላካፍላችሁ።

የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) ዛሬም ከጠረጴዛዬ አይጠፋም። አሁን ግን እሱን ከመግለጤ በፊት ቃሉ ከሌላ ቃል ጋር ተጣብቆ የሚነገርበትን ቦታ እፈልጋለሁ። የድሮው ትርጉም ብዙ ጊዜ እዚያ ተወሽቆ ይገኛል።

መኪናን እንውሰድ። ዛሬ «መኪና ገዛ» ሲባል ስለ ጎማው እንጂ ስለ ሌላ የሚያስብ የለም። ከጣሊያንኛ ሲመጣ ግን ማንኛውንም ማሽን የሚጠራ ቃል ነበር። የስፌት መኪና፣ የጽሕፈት መኪና የምንለው ለዚህ ነው። ብርም ወረቀት ሆኖ ሲያበቃ፣ «የብር ቀለበት» ላይ ግን ያው ማዕድን ነው። ቡና ቤት ደግሞ አለላችሁ፤ ስሙን አምኖ የገባ ሰው ቢራ ይቀርብለታል።

እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው። ነገሩ የሚጥመው ሰው ሲገባበት ነው።

ፒያሳ አካባቢ ሠራተኛ ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው ከቤተ መንግሥት የእጅ ባለሙያዎች ነው። ዛሬ ጎረቤቴ «እባክሽ ሠራተኛ ፈልጊልኝ» ስትል ግን አንጥረኛ እየፈለገች አይደለም። «ገረድ» ነውር ሲሆንብን ሠራተኛ ወደሚለው ሸሸን። አሁን ደግሞ እሱም ከበደን መሰለኝ፣ «አጋዥ» የሚሉ እየሰማሁ ነው። ዘበኛም እንዲሁ ነው የሆነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ነበሩ። ዛሬ በር ላይ የቆሙትን አባት «ዘበኛ» ብላችሁ ብትጠሩ ፊታቸው ይጠቁራል፤ «ጥበቃ» ነው የሚባለው። በእኔ እምነት ጥፋቱ የቃሉ አይደለም። ሥራውን እስከናቅን ድረስ የምናወጣለት ስም ሁሉ ከጊዜ በኋላ ይረክሳል።

ወይዘሮ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። ድሮ የመኳንንት ዘር ካልሆኑ የማይጠሩበት ማዕረግ ነበር። ዛሬ ያገባች ሴት ሁሉ ወይዘሮ ናት። ማዕረጉ ቀለለ፣ ማንም ግን አልተሰደበበትም።

ራሱ «ሰፈር» የጦር ቃል ነው። ጦር ይሰፍራል፤ የሰፈረበት ቦታ ሰፈር ይባላል። ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚሉት ስሞች መኳንንቱ ከነተከታዮቻቸው የሰፈሩበትን ያመለክታሉ። አሁን ድንኳኑም ጭፍራውም ከቃሉ ወጥቶ «የሰፈሬ ልጅ» የፍቅር አጠራር ሆኗል። የፒያሳ ብዙ ቤት በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ነዋሪው ተበትኗል፤ ስለዚህ እነዚህን ስሞች የምትለቅሙ ካላችሁ ቶሎ በሉ።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝ «ጨዋ» ነው። በግእዝ ፄዋ ምርኮ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ፣ ጨዋ የሚባሉት የንጉሡ ጭፍሮች ነበሩ። ቤተ ክህነት ውስጥ ደግሞ ያልተማረ፣ ከካህናት ወገን ያልሆነ ሰው ነው። እኛ ቤት የታረመ፣ ሰው የሚያከብር ልጅ ነው። ምርኮኛው እንዴት ሥነ ሥርዓት ያለው ልጅ ሆነ? የእኔ ግምት እንዲህ ነው፦ ምርኮኛው ወታደር ሆነ፣ ወታደሩ መሬት ተሰጠው፣ መሬት ያለው የደህና ሰው ልጅ ተባለ፣ የደህና ሰው ልጅ ደግሞ ጠባዩ ያማረ ነው ተብሎ ታሰበ።

የቤተ ክህነቱን ትርጉም በጆሮዬ የሰማሁት ጊዮርጊስ አጠገብ ከአንድ መሪጌታ ጋር ስናወራ ነው። «አባቴ፣ እርስዎኮ በጣም ጨዋ ነዎት» አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ። «ጨዋ ብሆን ኖሮ ማን መሪጌታ ይለኝ ነበር?» አሉኝ።

ቀጥሎ «ባላገር»ን ይዣለሁ። የአገር ባለቤት የሚል ቃል እንዴት ስድብ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ቤታችሁ አዛውንት ካሉ አጫውቷቸው። ብቻ «ድሮ ምን ማለት ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ የዛሬውን ትርጉም ይነግሯችኋል። በልጅነታቸው ማን ማንን ባላገር እንዳለ፣ የተባለውም ሰው ምን ብሎ እንደመለሰ ጠይቁልኝ።